የመርዶ ወንፊት

በውሃ አምባ የሞት ወሬ ከስክሪን ላይ አይነበብም። ንጋት ላይ በር ይንኳኳል፣ ሦስት ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ያረዳሉ። መልእክት ከምድር ለመድረስ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ መርዶ ከሆነ ግን ተይዞ ያድራል። የሚይዘው የመርዶ ወንፊት የሚሉት ማሽን ነው። ወደ ሰፈሩ የሚገባውን ደብዳቤና ድምፅ ሁሉ ከባለቤቱ ቀድሞ ያያል። ሞት ያለበትን ሲያገኝ ለባለቤቱ አያሳይም፤ ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ገብረየስ ብቻ “ለእገሌ ቤት፤ እገሌ” የምትል ብጣሽ ወረቀት ያወጣላቸዋል። ሰፈሩ በተቆረቆረ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቆፋሪ የእናቱን ሞት ብቻውን ተቀምጦ አንብቦ ነበር ይባላል። ከዚያ በኋላ ስለሆነው ማንም አያወራም። ወንፊቱ ግን በወሩ ተሠራ።

ውሃ አምባ ሴረስ ላይ ነው፤ ከማርስ ማዶ የምትዞር፣ ሆዷ በረዶ የሆነ ትንሽ ዓለም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ከበረዶው ሥር ይኖራል፣ በረዶ ይቆርጣል፣ ለሚያልፉ መንኮራኩሮች ውሃ ይሞላል። ክብደት የለም ማለት ይቻላል፤ ደሴ ላይ ስልሳ ኪሎ የነበረ ሰው እዚያ ሁለት ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ የእድሩ ንብረት ድንኳን፣ ድስት፣ አግዳሚ ወንበርና ስልሳ የለቅሶ ቀበቶ ነው። ቀበቶው ሐዘንተኛውን ከወንበሩ ጋር ያስራል። ያለ ቀበቶ ያለቀሰ ሰው ኮርኒስ ላይ ይገኛል።

የወንፊቱ ጠባቂ አንዳርጌ ይባላል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ሚስት የለውም፣ በሥራው የሚነቅፈው የለም። ሥራው ቀላል እንዳይመስል። የአገሩ ሰው መርዶ ሲጽፍ “ሞተ” አይልም። ስለ ጤና ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ “ትንሽ አሞት ነበር” ይላል፣ “ልብህን አጽና” ይላል፣ ይዞራል። አንዳርጌም ወንፊቱን ያስተማረው ቃል እንዲፈልግ ሳይሆን ዙረቱን እንዲያይ ነው፤ መሀል ላይ አንድ ነገር ተቀምጦ፣ ጸሐፊው እሱን ላለመንካት የሚዞርበትን ዙረት። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ወንፊቱ የተሳሳተው አንዴ ነው፤ የሞተ ሳይኖር ሚስቱ ልትፈታው የጻፈችለት ሰውዬ ቤት ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ስህተቱን ሲያውቁ ከመጡ አይቀር ብለው ቁርስ በልተው ሄዱ።

የአንዳርጌ ሌላው ሥራ ደህና መምሰል ነበር። ይህኛው በደሞዙ ውስጥ ባይገባም የበለጠ ያደክመው ነበር። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሌሊቱን ግድግዳ ሲያይ ያድራል፤ ጠዋት የሥራ ቱታውን በቢጃማው ላይ ይለብሳል፤ ሰው ሲቀልድ ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል። የሰፈሩ ሐኪም ዶክተር ራድያ በየወሩ ታየዋለች። እንቅልፍ? ደህና። ምግብ? ደህና። ሌላ? ደህና። ዶክተር ራድያ ምልክት ታደርጋለች፣ ቀጣዩ ይገባል።

ያሳፈረው ሕመሙ ብቻ ቢሆን ይሻለው ነበር። ያሳፈረው ምክንያት ማጣቱ ነው። ሰፈሩ ውስጥ ጣቱን በረዶ የበላው አለ፣ ባሏን መሬት ተንዶ የቀበረባት አለች። እነሱ ተነስተው ሥራ ይሄዳሉ። እሱ ምንም አልሆነም። ምንም ያልሆነ ሰው ሰው ፊት ቆሞ ምን ሆንኩ ይላል?

አንድ ንጋት የሱ በር ተንኳኳ።

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት ዝምታው ገብቶ ነበር። ዝምታው የሚሉት ፀሐይ በሴረስና በምድር መካከል የምትገባበትን ጊዜ ነው፤ አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ መልእክት አይመጣም፣ አይሄድም። አንዳርጌ ሳይተኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጋሽ ገብረየስ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ጋሽ ገብረየስ ጡረታ የወጡ የውሃ መሐንዲስ ናቸው፤ ሲያረዱም ድምፃቸው ቧንቧ እንደሚፈትሽ ሰው ነው፣ የተረጋጋና ትንሽ የሚያዳምጥ።

“ተቀመጥ፣ አንዳርጌ።”

“ተቀምጫለሁ፣ ጋሼ።”

“እንግዲያው ቀበቶህን እሰር።”

ውሃ አምባ ላይ ይህን የተባለ ሰው ቀሪውን አይጠይቅም። አንዳርጌ ግን ጠየቀ። አስናቀ ነው አሉት፤ ደሴ ያለው ታላቅ ወንድሙ። እንዴት እንደሆነ ወረቀቱ አይልም፤ ዝምታው እስኪያልፍ የሚጠየቅ የለም።

አለቀሰ። መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ነበር፤ በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ሴረስ ላይ እንባ አይወርድም፤ ጉንጭ ላይ ተጣብቆ እየወፈረ ይሄዳል፣ ሰው በፎጣ ካላነሳው አፍንጫ ይዘጋል። ሦስት ፎጣ ጨረሱ። ያልተላጨ ጺሙን፣ የገባ ዓይኑን፣ የቆሸሸ ቢጃማውን እያዩ፣ ሐዘን ሰውን በአንዴ እንዴት እንደሚጥለው ተገረሙ። ሁለት ዓመት የፈጀ መሆኑን የሚነግራቸው አልነበረም።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ በመተላለፊያው ላይ ተወጠረ። ከአትክልት ክፍሉ ሽምብራ መጥቶ ንፍሮ ሆነ፤ ክዳን ባለው ኩባያ ታደለ፣ ካልሆነ ይበተናል። ሰው ሁሉ መጣ። ማንም “ምን ሆንክ” አላለውም፤ ምን እንደሆነ ይታወቃላ። አጠገቡ ተቀመጡ፣ ብላ አሉት፣ በላ። ተኛ አሉት፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኛ።

ሲነቃ አንድ ነገር ከነከነው። ስለ አስናቀ ለማልቀስ ሲሞክር እንባው ቆም ይላል። አስናቀን ትቶ ዝም ብሎ ሲያለቅስ ይመጣል። ሰው የሚያለቅሰው በሟቹ ነው ብሎ ያስብ ነበርና ግራ ገባው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት “ልታጠብ” ብሎ ወጣና ወንፊቱ ክፍል ገባ፤ መዝገቡን ከፈተ።

ወንፊቱ የያዘው ደብዳቤ ከደሴ የመጣ አልነበረም። አንዳርጌ ራሱ የጻፈው ነው። ዝምታው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ለአስናቀ ጽፎ ላከ፤ ወዲያው ፊቱ ጋለበት፣ ከመስመሩ ላይ መለሰው። የተመለሰ ደብዳቤ እንደ መጣ ደብዳቤ ይቆጠራል። ይህን ደንብ የጻፈውም እሱ ነው። ወንፊቱ አነበበ፣ ዙረቱን አየ፣ እዚህ ውስጥ ሞት አለ ብሎ ፈረደ። አድራሻው ላይ ሁለት ስም አገኘ፣ አንዳርጌና አስናቀ። ደብዳቤው ስለተመለሰ ተቀባዩ አንዳርጌ ነው። መርዶ ለሟቹ አይነገርም። ስለዚህ የሞተው ሌላኛው ነው።

ማሽኑ እንደተማረው ነው የሠራው። አንዳርጌ መዝገቡን ዘጋ። አስናቀ በሕይወት አለ፤ ይህ ሊያስደስተው ይገባ ነበር፤ ደስም አለው። ከደስታው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ሲያየው ጆሮው ድረስ የቀላበት። ድንኳኑ ይነሳል ብሎ ነበር የደነገጠው።

ከምሳ በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ። ከምሳ በኋላ አንድ ቆፋሪ ካርታ አምጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ሐዘንተኛ ለማጫወት ነው። አንዳርጌ ሁለት ዙር አሸነፈ፤ በሦስተኛው ሳቀ፣ ከሌሎቹ ሳይዘገይ። ከጸሎት በኋላ እነግራቸዋለሁ አለ። ከጸሎት በኋላ ሌላ ሐሳብ መጣለት፦ ደብዳቤውን ደምስሶ “ወንፊቱ ተበላሽቶ ነው” ማለት ይቻላል። ማሽን ሁሌም ይበላሻል፣ ማንም አያፍርም። ሄዶ ትእዛዙን ጻፈ። ወንፊቱ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ጠየቀ፤ ለማንኛውም ድምሰሳ የሚጠይቀው ነው። አንዳርጌ አልመለሰለትም። ወደ ድንኳኑ ተመለሰ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ንፍሮ ተቀበለ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ንቆ አያውቅም፤ የናቀው ሰው ደግሞ ከሱ ጋር ነበር የሚበላው።

እትዬ ዘርፌ ግን አልበሉም። እትዬ ዘርፌ የአትክልት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ደሴ እያሉ የእነ አንዳርጌ የግድግዳ ጎረቤት ነበሩ፣ እዚህም የሱ ናቸው። የመጀመሪያ ልጃቸው በአራስነቱ ሲሞት፣ የአንዳርጌ እናት ታማ ነበርና አስናቀን ስምንት ወር ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ድንኳኑ ውስጥ የሟቹ እናት ሆነው ተቀምጠዋል። ሁለት ቀበቶ ነው የታሰረላቸው፤ አንዱ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ከመርዶው ንጋት ጀምሮ ውሃ እንጂ ሌላ አልቀመሱም። ዶክተር ራድያ ደረታቸውን እያዳመጠች ፊቷን ታጨማድዳለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዝም አሉ። ጭንቅላታቸው ወደ ጎን ሄደ፣ ቀበቶው ያዛቸው። ዶክተር ራድያ መርፌ ሰጥታ አነቃቻቸው። ከዚያ አንዳርጌ እየሰማ ለጋሽ ገብረየስ ነገረቻቸው። የልብ ሕመማቸው የቆየ ነው፣ በዚህ ከቀጠሉ ዝምታው እስኪያልፍ አይደርሱም አለች። ዝምታው ሊያልፍ አሥር ቀን ቀርቶታል።

አንዳርጌ ተነሳ። “አስናቀ አልሞተም” አለ። “የማሽን ስህተት ነው። ወንፊቱ ተሳስቶ ነው።”

ድንኳኑ በአዘኔታ አየው። ጋሽ ገብረየስ መጥተው ትከሻውን ያዙት።

“በሦስተኛው ቀን ሁሉም እንዲህ ይላል” አሉት። “ምድር ሳለሁ እህቴ የሞተች ጊዜ እኔም አልሞተችም ብዬ ሻንጣ አዘጋጅቼ ነበር። ተቀመጥ።”

“ጋሼ፣ ጠባቂው እኔ ነኝ፤ አይቼዋለሁ።”

“አውቃለሁ። ተቀመጥ።”

ዶክተር ራድያ በቀስታ እንቅልፍ የሚያስይዝ ነገር ልስጥህ ወይ አለችው። እትዬ ዘርፌ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ ይሄ ልጅ አእምሮው እንዳይነካ ጠብቁት አሉ። አንዳርጌ ያኔ ገባው። ማሽኑ ተሳሳተ ቢላቸው አያምኑም፤ የተሳሳተበትን ካላዩ አያምኑም። ደብዳቤው ግን አልተደመሰሰም፤ ወንፊቱ እስካሁን እርግጠኛ መሆን አለመሆኑን እየጠበቀ ነው።

ሄዶ አትሞ አመጣው። ቸኩሎ ሲገባ ወረቀቱ አመለጠውና በድንኳኑ ውስጥ ተንሳፈፈ፤ ከካርታ ተጫዋቾቹ አንዱ ያዘለት። አንዳርጌ ለዶክተር ራድያ አንብቢላቸው ብሎ ዘረጋላት። ዶክተር ራድያ የመጀመሪያውን መስመር አየች፣ ሁለተኛውን አየች፣ መለሰችለት።

“አንተው አንብበው” አለች። ፊቷ ተለውጧል።

አነበበው። ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

“ወንድሜ አስናቀ፣ እንዴት ነህ? ልጆቹስ? ዝናቡ ገባ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። እትዬ ዘርፌም ደህና ናቸው። አንድ ነገር ልነግርህ ነበር፣ አትደንግጥ። ትንሽ አሞኝ ነበር። አሞኝም አይደለም፤ ምንም አልሆንኩም። እንዴት ብዬ እንደምነግርህ አላውቅም። ዝናቡ ገባ ወይ? አየህ፣ ጽፌዋለሁ ለካ። ከተኛሁ ብዙ ጊዜ ሆነኝ። ሰው ሲያናግረኝ ከመስታወት ማዶ ያለ ይመስለኛል። ጠዋት ባልነሳስ የምልበት ቀን አለ፤ ድሮ አልፎ አልፎ ነበር፣ አሁን ብዙ ነው። እዚህ ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ያሉት ሰዎች በእውነት የሆኑት ነገር አለ። አንተ ብቻ ልብህን አጽና። ለእትዬ ዘርፌ እንዳትነግር።”

አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈው፤ ከዚያ እንደገና አጠፈው፤ ከዚያ የሚታጠፍ አልቀረም። መቀመጥ ፈለገ፣ ቀበቶው አልገጥም አለው። አንዳርጌ ይህን ቅጽበት ሁለት ዓመት በሐሳቡ ሲፈራው ኖሯል፤ ሐሳቡ ውስጥ ሁሌም አንድ ሰው ይስቅ ነበር። የሳቀ የለም። ያም አላቀለለለትም፤ ሦስት ቀን ንፍሯቸውን የበላ ሰው ምን ይቀለዋል?

“አስናቀ አለ?” አሉ እትዬ ዘርፌ።

“አለ፣ እትዬ።”

“አልሞተም።”

“አልሞተም። ከትናንት ጀምሮ አውቃለሁ። ዝም አልኩ።”

“ለምን?”

“ድንኳኑ እንዳይነሳ።”

እትዬ ዘርፌ አንደኛውን ቀበቶ ፈቱ። ሁለተኛውን ፈቱ። ከዚያ በስልሳ ስድስት ዓመታቸው በአየር ላይ መጥተው በጥፊ መቱት። ሴረስ ላይ ጥፊ የመታውንም የተመታውንም ይወስዳል፤ አንዳርጌ በድንኳኑ ሸራ ተያዘ፣ እሳቸውን ሁለት ቆፋሪዎች እግራቸውን ይዘው አወረዷቸው። ሲወርዱም ንግግራቸውን አላቋረጡም።

“ለአስናቀ ትጽፋለህ? አስናቀ በእናትህ ለቅሶ ጊዜ እንኳ ስልክ ያላነሳ ሰው! እኔ ከግድግዳህ ማዶ ነኝ። ስታስል እሰማለሁ። ሌሊት ስትንጎራደድ እሰማለሁ፤ ሥራ ነው እያልኩ ለራሴ…” እዚህ ላይ ተውት። አጠገቡ ተቀመጡና አንድ ቀበቶ ለሱ አሰሩለት፣ አንድ ለራሳቸው። “ንፍሮ ስጡኝ” አሉ። ሲያኝኩ ያለቅሱ ነበር፤ በማን እንደሚያለቅሱ ማንም አልጠየቃቸውም።

ዶክተር ራድያ መጥታ ፊቱ ቆመች። “ሃያ አራት ጊዜ ጠይቄሃለሁ” አለች። “ሃያ አራት ጊዜ ደህና ብለኸኛል። እኔም እንደ ሰላምታ ነበር የምጠይቅህ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። የያዘህ ነገር ድባቴ ይባላል፤ ከምንም ተነስቶ ሰውን የሚጥል ሕመም ነው፣ ምክንያት አይጠብቅም። ይታከማል። ዛሬ ከድንኳኑ ስትወጣ እኔ ጋ ትመጣለህ። ባልነሳስ የምትልበት ጠዋት ደግሞ ግድግዳውን ትመታለህ፣ እትዬ ይሰማሉ።”

“እሰማለሁ” አሉ እትዬ ዘርፌ አፋቸው ሞልቶ።

ሰው ሁሉ ወደ ጋሽ ገብረየስ ዞረ። የሞተ ከሌለ ድንኳን አይቆምም፤ እድሩ ሥርዓት አለው። ጋሽ ገብረየስ ደብዳቤው ሲነበብ ከሁሉም በላይ ዝም ያሉት እሳቸው ነበሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“ደንቡ ሦስት ቀን ነው” አሉ። “እስካሁን የተቀመጥነው ለአስናቀ ነው። አስናቀ አልሞተም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። ለአንዳርጌ ከዛሬ ይቆጠራል።”

ስለዚህ ሦስት ቀን ተጨመረ። የመጀመሪያው ቀን አስቸጋሪ ነበር፤ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ ገብቶ በልማድ “ነፍስ ይማር” አለ፣ ተጎነተለ። ሌላው “እንደኔ በጠዋት ብትሮጥ” ብሎ ጀመረ፣ እሱም ተጎነተለ። በኋላ ሰው መናገሩን ትቶ መቀመጥ ብቻ ጀመረ፤ ያንን ሁሉም ይችልበታል። አንዳርጌ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። እፍረቱ አልለቀቀውም፤ ግን ከዚያ በፊት ብቻውን ነበር የሚያፍረው።

ዝምታው አልፎ የሰፈሩ ሰው ተራ በተራ ሲደውልለት አስናቀ ስልኩን አላነሳም። በማግስቱ ራሱ ደውሎ፣ ለምን አርባ ሰው እንደሚፈልገው ጠየቀ።

መድኃኒቱ አፍ ያደርቃል። አንዳርጌ በሳምንት ሁለቴ ዶክተር ራድያ ጋ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ያወራል፣ አንዳንዴ ግድግዳዋን ያያል። በአራት ወር ውስጥ ግድግዳውን አምስት ጊዜ መቷል፤ አምስቱንም ጊዜ እትዬ ዘርፌ በነጠላ ጫማ እየተንሳፈፉ መጥተዋል። ደህና ሆነ አይባልም፤ ደህና ነኝ ማለቱን ግን ቀንሷል።

የወንፊቱን የጥገና ትእዛዝ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፎ ነበር፤ የተመለሰ ደብዳቤ እንዳይነበብ የሚያደርግ፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። የሊቀመንበሩ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። ጋሽ ገብረየስን ባገኛቸው ቁጥር ይጠይቃል፤ “እያየሁት ነው” ይሉታል። አንዳርጌም አጥብቆ አልጠየቀም። እያደር ሲያስበው ወንፊቱ ብዙ አልተሳሳተም። ስሙን ብቻ ነው የሳተው።

በአምስተኛው ወር አንድ ንጋት ላይ ወረቀቷ አንዳርጌ ክፍል ወጣች። ለሊቀመንበሩ ቤት የሆነ መርዶ ሲኖር ወደ ጠባቂው ይመጣል፤ ይህ በአሥራ አንድ ዓመት ሆኖ አያውቅም። “ለገብረየስ ቤት” ይላል። ቀጥሎ ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። መዝገቡ እንደሚለው ደብዳቤው ተቀባይ የለውም፤ ጋሽ ገብረየስ ራሳቸው ልከው ወዲያው የመለሱት ነው። አንዳርጌ አልከፈተውም።

ደንቡ ሦስት ሽማግሌ ይላል። አንዳርጌ ብቻውን ሄደ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ሁለት ቀበቶ ይዞ። በሩን አንዴ አንኳኳ። ጋሽ ገብረየስ ወዲያው ከፈቱ። ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ከረባታቸውን አስረዋል፣ አልጋቸው እንደተነጠፈ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያልተፈረመው የጥገና ትእዛዝ ማግኔት ተጭኖበት ይታያል።

“ማን ሞተ?” አሉ። ድምፃቸው ቧንቧ የሚፈትሽ ሰው ድምፅ አልነበረም።

“ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።”

ጋሽ ገብረየስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ጆሯቸው ቀላ። አንዳርጌ ያንን ጆሮ ያውቀዋል፤ ራሱ ላይ አምስት ወር ሲሸከመው ነበር። ምንም ሳይጠይቅ ገባና አንደኛውን ቀበቶ ዘረጋላቸው።

“ሁለተኛው የማን ነው?” አሉ ሳይዞሩ።

“የእኔ” አለ አንዳርጌ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ እያሰረ።